ካስት አይረን ሲበሳ ፑንታ ለምን ይቃጠላል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከካስት አይረን የተሠራው የእሸት ቡና መፈልፈያህ አንዱ እግር ተሰንጥቋል። ግራና ቀኝ ፕሌት አድርገህ በ10 ሚሊ ብሎን ልታስረው ነው። ስትበሳው ሁለት ፑንታ፣ ማለትም የድሪል መብሻ፣ ተቃጠለብህ። ዘይት ላድርግበት ወይ፣ ስበሳውስ ይፈነዳብኝ ይሆን ወይ ብለሃል። እኔ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ከብረት ጋር ነው የዋልኩት። ለቀማ ሲደርስ ከአጋሮም ከሊሙም የተሰበረ መፈልፈያና ወፍጮ ይመጣልናል። ጥድፊያህም ይገባኛል። የተለቀመ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል።

ዘይቱን ተወው። ካስት አይረን፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው፣ የድሮዎቹ መካኒኮች ጊዛ የሚሉት ብረት፣ ደረቁን ነው የሚበሳው። ውስጡ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለ። እንዲህ ያለ የማሽን እግር ላይ የምናገኘው ግራጫው ጊዛ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ካርቦን ግራፋይት ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ማለት ነው። ራሱን በራሱ ያለሰልሳል። ተራ ብረት ሲበሳ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ይወጣዋል፤ ይሄ ግን ጥቁር ዱቄት ነው የሚያወጣው። ዱቄቱ ላይ ዘይት ስታፈስ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ጉድጓዱን ይደፍናል፣ ፑንታህንም እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ፑንታህን ያቃጠለው ግን ፍጥነት ይመስለኛል። የድሪልህን ጎን አንብበው። ብዙዎቹ የእጅ ድሪሎች በደቂቃ 2800 ወይም 3000 ዙር ይላሉ። ለ10 ሚሊ ፑንታ ጊዛ ላይ ከ600 እስከ 800 ዙር ይበቃል። ማስነሻውን እስከ ጥግ ከጨመቅከው የፑንታው ጥግ በደቂቃ ውስጥ ይዶለዱማል። ከዚያ በኋላ ማሻሸት እንጂ መቁረጥ የለም። የተቃጠሉትን ፑንታዎች ብርሃን ላይ አዙረህ እያቸው። ሁለቱ ጥጎች ክብ ሆነው ካየህ ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ፍርሃት ነው። ይሰነጠቃል ብለህ በስሱ ስትይዘው ፑንታው ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይሞታል። ዙሩን ቀንስ፣ ክንድህን ግን ጫን አድርግ። ዱቄቱ ሳይቋረጥ መውጣት አለበት። መውጣቱን ካቆመ አንተም አቁም። አንዴ የፈዘዘን ፑንታ በጉልበት ማስገባት አይቻልም፤ ወይ ይሳል ወይ ይቀየር።

ድሪልህ የመዶሻ ምልክት ካለው ግን በጣም ተጠንቀቅ። ግድግዳ የምንበሳበት ነው እሱ፤ እያዞረ ይመታል፣ ጊዛ ደግሞ ሲመታ ይሰነጠቃል። ወደ ተራው መብሻ ምልክት መልሰው። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ገና ተማሪ እያለሁ፣ የሰው ወፍጮ ክዳን እንዲህ አድርጌ ጨርሼዋለሁ። ማታ ግድግዳ ስንበሳ ነበር፣ ጠዋት ምልክቱን ሳልመልስ ጀመርኩ። ሦስት ሴኮንድ አልፈጀም። ቀጭን መስመር ከቀዳዳው እስከ ጠርዝ ሄደች። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ምንም አልተናገረም፣ ያ ነው የባሰው።

ከመብሳትህ በፊት ስንጥቁ የት እንደሚያልቅ እወቅ። ዓይን ያታልላል። በላምባ የራሰ ጨርቅ አሸው፣ ከዚያ ላዩን በደንብ ጥረገው። ጠመኔ ፈጭተህ ነስንስበትና ትንሽ ጠብቅ። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ ጠመኔውን ያረጥበውና መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከገመትከው አንድ ጣት ያህል ይረዝማል። ላምባው ከደረቀ በኋላ፣ ከመስመሩ ጫፍ ትንሽ አለፍ ብለህ በ4 ወይም 5 ሚሊ ፑንታ ብሳ። ስንጥቁ እንዳይሮጥ የሚያቆመው ይሄ ቀዳዳ ነው። እሱን ዘለህ ፕሌት ብታስር ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ስንጥቁ ከፕሌቱ ስር ጉዞውን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ብሎኖቹ። ከጠርዝ ቢያንስ 20 ሚሊ ግባ። ላይኛው ቆዳ ከውስጡ ይጠነክራል፣ ሲፈስ የያዘው አሸዋም ይኖራል፤ ስለዚህ ቦታውን በሞረድ ፍቀው። ሞረዱ እንደ መስታወት ከተንሸራተተ እዚያ አትድከም፣ ነጭ ጊዛ ነው። ተራ ፑንታ አይበሳውም። ቦታ ቀይር ወይም ካርባይድ ፑንታ ያለው ጋር ውሰደው። ሞረዱ ከያዘ ነጥቡን በሹል መምቻ ቀስ አድርገህ ምታ። ቀስ ነው ያልኩት።

በ4 ሚሊ ጀምር፣ እስከ ዳር አሳልፈው። ከዚያ በትልቁ ፑንታ ከአንድ ወገን እስከ ግማሽ፣ ቀሪውን ደግሞ ከጀርባ። ጊዛ የሚፈረፈረው መግቢያው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ነው። ከጀርባ መግባት ካልቻልክ እንጨት አስደግፍና የመጨረሻዋ ሚሊሜትር ላይ ክንድህን አላላ። ድምፁ ሲቀየር ይነግርሃል። ደግሞ ቀዳዳው ልክ 10 አይሁን፤ 10.5 ወይም 11 አድርገው። ልክ 10 ካደረግከው ብሎኑ እምቢ ይልና መዶሻ ታነሳለህ። እኔ አውቅሃለሁ፣ ሁላችንም እናነሳለን።

ስለ ራስህም ልበል። መነፅር አድርግ። ዱቄቱን በአፍህ እፍ አትበለው፤ እኔ ብያለሁ፣ ዓይኔ ውስጥ የገባችውን ቅንጣት ያወጣልኝ ሐኪም ነው። ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ ዙሪያውን አዙረው፣ ዱቄቱ ፌስታሉ ላይ ይሰበሰባል። ማግኔቱን ስታወጣው ይራገፋል። የቀረውን በብሩሽ ጥረግ። አፍንጫህን ሸፍን፣ ካልሆነ ማታ ስትናፈጥ ጥቁር ነው። ጓንትና ሻርፕ ግን አውልቅ፣ የሚሽከረከር ነገር ጨርቅ ይወዳል። የማሽኑንም እግር በሞርሳ ወይም በክላምፕ እሰረው። ልጁ ይያዝልኝ አትበል።

እዚህ አገር ስላለን ደግሞ የመብራቱን ነገር አልዘለውም። ፑንታው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ መብራት ከሄደ ማስነሻውን ልቀቅ፣ የሚቆለፍ ከሆነ መቆለፉን ፍታ፣ ሶኬቱን ንቀል። አንድ ጓደኛችን ሳይፈታው ቡና ሊጠጣ ወጣ። መብራት ሲመጣ ድሪሉ ብቻውን ተነስቶ ፑንታውን ሰበረ፣ ገመዱን ጠመጠመ። ሰው አጠገቡ አለመኖሩ እድል ነው።

ስታስር ከሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ አስገባበት። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፣ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት እያፈራረቅክ አጥብቅ። ፕሌቱ ያልተስተካከለ ገጽ ላይ ካረፈ ራሱ ማጥበቁ እግሩን ይሰብረዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ገጹን በሞረድ አስተካክለው። ከዚያ መፈልፈያውን ባዶውን 10 ደቂቃ አስነሳና አጥፋው። ብሎኖቹን እንደገና ንካቸው፣ አንዱ ላልቶ ታገኘዋለህ። የስንጥቁን ጫፍ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ፣ ጠመኔው ላይ እንዳለ።