ሞተሩን በካሽ ልግዛ ወይስ በብድር?

ከዲላ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። በእፅዋት ሳይንስ ተመርቀህ ሥራ ፍለጋ ከጀመርክ ዓመት አልፎሃል። ዱባይ ያለችው እህትህ የላከችውና አንተ ያጠራቀምከው ተደምሮ 200 ሺህ ብር አለህ። ከዲላ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰው ለማመላለስ አዲስ ሞተር ጠይቀህ 185 ሺህ ተባልክ። ሙሉውን በካሽ ልክፈል ወይስ 65 ሺህ አስቀድሜ 120 ሺህውን ከማይክሮፋይናንስ በሁለት ዓመት ልበደር፣ አጎቴ መምህር ስለሆነ ዋስ ይሆነኛል ነው ያልከኝ።

እኔ ብሆን አልበደርም። ግን 185 ሺህውንም ቆጥሬ አልሰጥም።

ከብድሩ ልጀምር። ወለዱ 18 በመቶ ነው ብለሃል። በምን ላይ እንደሚሰላ ግን አልጠየቅክም። መጀመሪያ በተበደርከው ብር ላይ እስከ መጨረሻው የሚሰላ ከሆነ ወለዱ ብቻ 43,200 ብር ይሆናል፣ ወርሃዊ ክፍያህም 6,800። በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ ደግሞ ወርሃዊው 5,990 አካባቢ፣ ጠቅላላ ወለዱም 24 ሺህ ገደማ ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ «18 በመቶ» ነው የሚሉት! እጅህ ላይ የሚቀረውን 135 ሺህ ባንክ ብታስቀምጠው በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ በሁለት ዓመት 19 ሺህ ገደማ ነው የሚያመጣልህ። በየትኛውም ስሌት ከኪስህ ይወጣል።

ጓደኞችህ «ብር እየወረደ ነው፣ ዕዳ ይሻላል» እንዳሉህ ጽፈሃል። አልተሳሳቱም፣ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ ከዚያ በፊት ሞተር የገዛ ሰው ተጠቅሟል። ግን የሞተሩ ዋጋ መጨመር ወርሃዊውን ክፍያ አይከፍልልህም። ሞተሩን ካልሸጥከው ምን ያደርግልሃል?

የአካባቢህን ነገር ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ቡና ሲለቀም ገበሬው እጅ ላይ ብር አለ፣ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ሞተር ቁጭ አትልም። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ተሳፋሪም ይቀንሳል። 6,800 ብር ማለት በወር 26 ቀን ብትሠራ በየቀኑ 260 ብር ነው፤ እሱም ቤንዚን፣ ዘይት፣ ካቴናና ጎማ ከተቀነሰ በኋላ። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ የምትገዛበት ሳምንት ሲመጣስ? አበዳሪው ክረምት ነው ብሎ አይምርህም፣ ሁለት ሦስት ወር ካሳለፍክ ወደ ዋሱ ነው የሚሄደው። ያኔ የሚቆረጠው የአጎትህ ደመወዝ ነው፣ የመምህር ደመወዝ ደግሞ ስንት እንደሆነ ይታወቃል።

ካሹን ሙሉ በሙሉ አውጥተህ 15 ሺህ ይዘህ መቅረትም አልወደድኩትም። ሰሌዳ፣ የሶስተኛ ወገን መድን፣ ሄልሜት አለ። በመጀመሪያው ወር አንዴ ብትወድቅ ሕክምናና ጥገናው በምን ይሸፈናል?

ስለዚህ መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ አውጣ። ይሄን የምለው ለሞተሩ ብቻ አይደለም። የእርሻና የጤና ፕሮጀክት ያላቸው ድርጅቶች የመስክ ሠራተኛ ሲፈልጉ «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው» የሚል መስፈርት ብዙ ጊዜ ይጨምራሉ፣ ሞተሩን ደግሞ ራሳቸው ይሰጣሉ። እፅዋት ሳይንስ የተማረ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገርና ሞተር የሚነዳ ሰው ብዙ አይደለም። ከላክልኝ ሲቪ ላይ መንጃ ፈቃድ የሚል ቃል የለም፤ እኔን ያሳሰበኝ ከብድሩ ይልቅ እሱ ነው።

ፈቃዱን እንደያዝክ የሰው ሞተር በቀን ገቢ ተቀበል። ለባለቤቱ ዕለታዊ ገቢውን እየሰጠህ ሁለት ወር ብትሠራ፣ ለአንተ ስንት እንደሚቀርህ በደብተር ጽፈህ ታውቀዋለህ። አሁን የነገርከኝ የቀን ገቢ ግምት ሌላ ሰው የነገረህ ነው፣ ሰው ደግሞ ጥሩ ቀኑን ነው የሚያወራው።

ሥራው ካዋጣህ ያገለገለ ግን ደህና ሞተር በ120 ወይም 130 ሺህ በካሽ ግዛና ቀሪውን አትንካው። የምታምነው መካኒክ ይየው። ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳም እንደሌለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ አጣራ። ደላላው «ስም ማዛወር ወጪ ነው፣ በውክልና ይሁንልህ» ካለህ እምቢ በል። ውክልና ሰጪው ከሞተ ውክልናውም አብሮ ይቀራል፣ አንተም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ።

ብድር በጭራሽ አትውሰድ አላልኩም። በደብተርህ ላይ የክረምቱ ወር ገቢ ራሱ ክፍያውን ችሎ ካሳየህ፣ ወለዱም በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ፣ ለሁለተኛ ሞተር ያኔ እናወራለን። ከሹፌሮቹ ጋር እቁብ መግባትም አለ፣ ወለድ የለውም።

አጎትህ ግን የዋስነት ቅጹን ገና ካልፈረመ ዛሬውኑ ደውለህ ይቆይ በለው።