ኤምካት 497 መጥቶ «ልድገመው ወይስ ልተወው?» ላልሽው እህታችን

ስምሽን ሳትገልጪ ለጠየቅሽው እህታችን፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ብዙ ስለሆኑ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። ያልሽው ይህን ነው፦ ኤምካት (የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ተፈትነሽ 497 መጣ። በየክፍሉ ሲታይ ኬሚስትሪና ፊዚክስ 125፣ ካርስ (ምንባብ አንብቦ የመረዳትና የመመርመር ክፍል) 121፣ ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ 125፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ 126። ጂፒኤሽ (የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤትሽ) 3.6 ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም ትሠሪያለሽ፣ አሜሪካ የመጣሽው በ14 ዓመትሽ ነው። የምትጠይቂው ደግሞ ከሰባት ሳምንት በኋላ ክፍት ቀን ስላለ ልመዝገብ ወይ፣ ካርስስ በምን ይነሳል የሚል ነው።

አጭሩ መልስ፦ ድገሚው፤ በሰባት ሳምንት ውስጥ ግን አይሁን። የምትፈተኚበትን ቀን የሚወስንልሽ የልምምድ ውጤትሽ ይሁን። ምክንያቱን ከቁጥሮችሽ ልጀምር።

እያንዳንዱ ክፍል ከ118 እስከ 132 ይታሰባል፤ መሃሉ 125 ነው። ድምሩ ከ472 እስከ 528 ሲሆን መሃሉ 500 ላይ ነው። እንግዲህ በሁለቱ የሳይንስ ክፍሎች ልክ መሃል ላይ ነሽ፣ በሳይኮሎጂ አንድ ነጥብ ከፍ ብለሻል፣ ከ500 በታች ያወረደሽ ካርስ ብቻውን ነው። ካርስ 125 ቢሆን ኖሮ ድምርሽ 501 ይሆን ነበር። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ፤ ውጤቱ ሲላክ የስህተት ክልል አብሮት ይመጣል፣ በድምሩ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ነጥብ። የአንቺ 497 ከ495 እስከ 499 ድረስ ሊሆን የሚችል ነው ማለት ነው። 499 ያመጣችው ጓደኛሽ ካንቺ ትበልጣለች ብሎ ፈተናው ራሱ አይናገርም።

ይህ እንዳለ ሆኖ፣ በ497 ማመልከትን አልመክርሽም። ኤምዲ (የተለመደውን የሐኪምነት ዲግሪ) የሚሰጡት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሏቸው ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከ511 በላይ ነው፤ ዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ የሚባለውን ሌላውን የሐኪምነት ዲግሪ) በሚሰጡት ወደ 504 ይጠጋል። አማካይ ስለሆነ ከዚያ በታች የሚገባም አለ፤ ከዲኦው በሰባት፣ ከኤምዲው በአሥራ አራት ነጥብ ዝቅ ብሎ መግባት ግን ከባድ ነው። ለአንቺ የሚታየኝ ዒላማ ካርስን 125 ማድረስ፣ ሦስቱን ደግሞ 128 ማድረስ ነው፤ ድምሩ 509። ሦስቱ 127 ላይ ቢቆሙ እንኳ 506 ይሆናል፤ ከ3.6 ጋር ሆኖ ለዲኦ ጥሩ ነው፣ ለኤምዲም ትምህርት ቤቶቹን አጥንቶ መርጦ ለማመልከት ያበቃል። ዲኦን በተመለከተ በየቤቱ «ግማሽ ዶክተር» እየተባለ የሚወራው ፍጹም ስህተት ነው። ዲኦ በሃምሳውም ስቴት ሙሉ ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው፤ ከ2020 ጀምሮም የሬዚደንሲው (ከምረቃ በኋላ ያለው የሐኪም) ሥልጠና ከኤምዲዎቹ ጋር በአንድ ሥርዓት ሥር ሆኗል። በሰው ወሬ ይህን በር አትዝጊ።

ሰባት ሳምንት ለምን እንደማይበቃ በሰዓት እንቁጠረው። እየሠራሽ በሳምንት 20 ሰዓት ብታገኚ 140 ሰዓት ነው። ለዚህ ፈተና በተለምዶ የሚመደበው ከ300 ሰዓት በላይ ነው። አንቺ ከዜሮ ስለማትነሺ ትንሽ ቢቀንስልሽም 14 ወይም 15 ሳምንት ያዢለት። በዚያ ላይ ሙከራ ገደብ አለው፤ በአንድ ዓመት ሦስት፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት አራት፣ በዕድሜ ልክ ሰባት። የተቆጠረ ውጤት ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል። አንድ 497 «ያኔ አልተዘጋጀችም ነበር» ተብሎ ይታለፋል፤ 497ን ተከትሎ 498 ሲመጣ ግን የሚያነበው ሰው «አቅሟ እዚህ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል።

አሁን ወደ ካርስ፤ ነጥብሽ ያለው እዚያ ነው። 9 ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፤ ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄው 10 ደቂቃ። እንግሊዝኛን ዘግይተው የያዙ ልጆች ችግሩ የቃላት እጥረት ይመስላቸውና የቃላት ዝርዝር ይሸመድዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እሱ አይደለም። አንደኛው፣ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በእኩል ክብደት ማንበብ ነው፤ ምሳሌውም ዋናው ሐሳብም እኩል ይያዛል፣ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው የቆመበት ቦታ አይታወቅም። «ግን» የሚል ትርጉም ያላቸውን «በት»፣ «ሀውኤቨር»፣ «ዬት» ስታዪ ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ የጸሐፊው አቋም አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ ቀጥሎ ነው ያለው። ሁለተኛው፣ እውነት የሆነውን መልስ መምረጥ ነው። ካርስ የሚጠይቅሽ ምንባቡ ያለውን እንጂ ዓለም ላይ እውነት የሆነውን አይደለም።

በምሳሌ ላሳይሽ። ምንባቡ ስለ አንድ አዲስ ሙዚየም ሕንፃ ነው እንበል፤ ጸሐፊው «ለሚያየው ያምራል፣ ለሚገባበት ጎብኚ ግን አልታሰበበትም» ይላል። ጥያቄው ጸሐፊው በየትኛው ይስማማል የሚል ነው። አንዱ ምርጫ «ዘመናዊ ሕንፃዎች ለተጠቃሚው አይጨነቁም» ይላል፤ ስለ አንድ ሕንፃ የተባለውን ወደ ሁሉም ዘርግቶታል፣ ውድቅ። ሁለተኛው «ሕንፃው መፍረስ አለበት» ይላል፤ ከተባለው በላይ ሄዷል፣ ውድቅ። ሦስተኛው «የሙዚየም ጎብኚዎች ለውበት ግድ የላቸውም» ይላል፤ ቃላቱ ከምንባቡ ተለቅመዋል፣ ሐሳቡ ግን የለም፣ ውድቅ። አራተኛው «የአንድ ሕንፃ መልክና አገልግሎት አብረው ላይሄዱ ይችላሉ» ይላል። ደብዘዝ ያለ፣ የማይማርክ ዓረፍተ ነገር ነው፤ መልሱ ግን እሱ ነው። ካርስ ላይ ለዘብ ያለው ምርጫ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ብቻ» ያለበትን ጣትሽን የምታሳርፊበት ማስረጃ ምንባቡ ውስጥ ካላገኘሽ አትምረጪው።

ልምምዱ በየቀኑ ሁለት ምንባብ ይሁን፤ ሳምንት ሙሉ ትቶ ቅዳሜ አሥር መሥራት አይጠቅምም። የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ያለ ሰዓት፣ ከዚያ በ12 ደቂቃ፣ ከዚያ በ10። እያንዳንዱን አንቀጽ ስትጨርሺ በአምስት በስድስት ቃል በአማርኛም ቢሆን ለራስሽ በይው፤ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ወደ አማርኛ መመለስ ግን ጊዜሽን ይበላዋል፣ ተዪው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ምንባብ ቢቀርሽ የሁሉንም ጥያቄ መልስ ሙዪ፤ ስህተት ነጥብ አይቀንስም፣ ባዶ መተው ነው ኪሳራው። ለልምምድ የጃክ ዌስቲን የየዕለት ምንባብ በነፃ አለ። ፈተናውን የሚያወጣው የኤኤኤምሲ የራሱ የካርስ ጥያቄዎች ግን ለመጨረሻው ስምንት ሳምንት ይቆዩ፤ የሌሎቹ ድርጅቶች የመልስ አመክንዮ ከእውነተኛው ትንሽ ይለያል፣ መጨረሻ ላይ ጆሮሽ መልመድ ያለበት የፈተና አውጪውን ነው።

አሁን ለሁሉም ክፍል የሚሠራ ነገር። 125 ላይ የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ያውቃል፤ የሚጎድለው የስህተት ምርመራ ነው። ዩወርልድም ሆነ ሌላ የጥያቄ ባንክ ስትሠሪ አንድ ሠንጠረዥ ክፈቺ፦ ርዕሱ፣ የመረጥሽው ለምን እንደመሰለሽ፣ ትክክለኛውን ሊያሳይሽ ይችል የነበረው ምልክት፣ የስህተቱ ዓይነት። ዓይነቱ ከአራት አይወጣም፤ ትምህርቱን አለማወቅ፣ ጥያቄውን በትክክል አለማንበብ፣ ግራፉን ወይም ሠንጠረዡን አለመረዳት፣ ሰዓት። ዝም ብሎ «ኬርለስ ሚስቴክ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ምን እንዳልታየሽ ጻፊ። ሁለት ሳምንት ከሠራሽ በኋላ ሠንጠረዡ ራሱ የት እንደምትፈሺ ይነግርሻል። በግምት ያገኘሻቸውንም መርምሪ፤ ጥያቄ ለመሥራት አንድ ሰዓት ከወሰደብሽ ለምርመራው ሁለት ሰዓት ያዢ።

ኬሚስትሪና ፊዚክስ ላይ ካልኩሌተር የለም፤ ይህ ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። የሃይድሮጅን አዮን መጠን 3 ሲባዛ በ10 ፓወር ኔጌቲቭ 5 ቢሆን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ስንት ነው? የ3 ሎግ ግማሽ ገደማ ስለሆነ ከ5 ላይ ግማሽ ቀንሺ፤ 4.5። ምርጫዎቹ 3.5፣ 4.5፣ 5.5 ሆነው ይመጣሉና ይህ ይበቃል፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቁጥር የሚያባዛ ሰው ጥያቄ እያጣ ነው። የስበት ስሌት ላይ 9.8ን 10 አድርጊው። ሃያዎቹን አሚኖ አሲዶች በአንድ ፊደል ምልክታቸውና በቻርጃቸው ጭምር እንቅልፍ ላይም ብትጠየቂ እንድታውቂያቸው፤ ባዮኬሚስትሪ በባዮሎጂውም በኬሚስትሪውም ክፍል አንድ አራተኛ ያህሉን ይይዛል። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ በቶሎ የሚነሳው ክፍል ነው፤ ካን አካዳሚ ላይ ያለውን በነፃ አይተሽ ቃላቱን በአንኪ (በየጊዜው እየመለሰ የሚያስከልስ የካርድ መተግበሪያ) ያዢ። አዲስ ካርድ በቀን ከ30 አይብለጥ፤ ክለሳው ተከምሮ 400 ሲደርስ ሰው አንኪውን ጨርሶ ይተወዋል።

የኤኤኤምሲን ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ለመጨረሻው ስድስት ሳምንት አስቀምጪ፤ በሳምንት አንድ። እንደ እውነተኛው ጠዋት 8 ኤኤም ላይ ጀምሪ፣ ዕረፍቱንም እንደዚያው አድርጊ፤ 10፣ 30፣ 10 ደቂቃ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አማካይ 506 ካልገባ ቀኑን ቀይሪ። ፈተናው ሊደርስ ከ10 ቀን በታች ሲቀረው መቀየር ስለማይቻል ውሳኔሽን ከዚያ በፊት ጨርሺ። የፈተናው ቀን መጨረሻ ላይ «ይቆጠር ወይስ ይሰረዝ» ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። የተሰረዘ ለትምህርት ቤት አይታይም፣ ከሙከራ ቁጥርሽ ላይ ግን ይቀነሳል። ስለ ደከመሽና ስለ ፈራሽ ብቻ አትሰርዢ፤ ያንን ስሜት ጥሩ ያመጡትም ይዘውት ነው የሚወጡት። መሰረዝ ያለበት ታመሽ ከሆነ ወይም አንድ ክፍል ላይ ሁለት ሦስት ምንባብ ሳይሠራ ከቀረ ነው።

የጾም ነገርም ይታሰብበት። የመጋቢትና የሚያዝያ ቀኖች ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ፤ ሮመዳንም በየዓመቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ካላንደር ላይ እዪው። ሳልበላ እፈተናለሁ የምትዪ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና ሳትበዪ ሠርተሽ ውጤቱን አወዳድሪ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል ላይ ከወረደ ሌላ ቀን ምረጪ።

ስለ ቤተሰብ ደግሞ ጽፈሻል፤ «አባቴ ከ528 ውስጥ 497 ሲሰማ ለምን አልተቀበሉሽም ይለኛል፣ ጓደኞቹ ደግሞ ወደቀች ይላሉ» ብለሻል። አገር ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት የምትገቢበትን ትምህርት ክፍል እስከ መወሰን ይደርሳል፤ ወላጆቻችን ፈተናን የሚያውቁት እንደዚያ ነው። ለአባትሽ ይህ ፈተና ማለፍና መውደቅ እንደሌለው፣ ሊደገም እንደሚችል፣ ከጂፒኤ፣ ከሥራ ልምድና ከቃለ መጠይቅ ጋር አብሮ እንደሚታይ ንገሪው። ለሌላው ዘመድ ቁጥር የመናገር ግዴታ የለብሽም፤ «በሚቀጥለው ዓመት ነው የማመለክተው» ይበቃል። ውጤት የሚመጣው ከፈተናው ከ30 እስከ 35 ቀን በኋላ ስለሆነ የምትፈተኚበትን ቀን ራሱ ለሁለት ሰው ብቻ ብትነግሪ በዚያ ወር ውስጥ «መጣ ወይ?» የሚልሽ አይበዛም። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋብሽ ግን ጥናቱን አቁመሽ የዩኒቨርሲቲሽን የምክር አገልግሎት ሂጂ። መኖር እስኪያስጠላሽ ከደረሰ በማንኛውም ሰዓት ወደ 988 (የአሜሪካ የቀውስ መርጃ መስመር) ደውዪ ወይም ጽሑፍ ላኪ።

ከመመዝገብሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛው የኤኤኤምሲ የክፍያ ድጋፍ ነው፤ የቤተሰብሽ ገቢ ዝቅ ያለ ከሆነ የፈተናውን ክፍያ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፣ የልምምድ ፈተናዎቹን በነፃ ይሰጣል፣ ስታመለክቺም እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ ክፍያ ያነሳልሻል። ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ ተፈቅዶልሽ ሳለ ነው መመዝገብ ያለብሽ፣ የወላጆችሽን የታክስ ወረቀት አሁኑኑ ሰብስቢ። ሁለተኛው ስም ነው። የእኛ ሰው አንዱ ሰነድ ላይ የአባቱ ስም፣ ሌላው ላይ የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባበታል። የተመዘገብሽበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ይዘሽ ከምትሄጂው መታወቂያ ጋር በፊደል ሳይቀር ካልገጠመ በር ላይ ትመለሻለሽ፣ ገንዘቡም አይመለስም። መንጃ ፈቃድሽን አውጥተሽ አሁን አስተያዪው፤ ሳይገጥም ከቀረ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ማስተካከሉን ዛሬ ጀምሪ። ባዮሎጂው ላይ የትኞቹ ርዕሶች እንደሚጥሉሽ ሠንጠረዡን ከሠራሽ በኋላ እዚሁ ጻፊልን፣ በዚያ ላይ እንቀጥላለን።