ጥያቄና መልስ፦ አራስና ድክድክ የሚል ልጅ ይዞ ከዘመድ መራቅ

የሚከተሉት ጥያቄዎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፦ እናት፣ እህትና ጎረቤት ይሸፍኑት የነበረውን ሥራ አሁን ማን ይሠራዋል?

ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ተዛውሯል። ሴት ልጃችን ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ። እናቴ ክርስትና ሳትነሣ አትንቀሳቀሱ ትላለች። መቼ ብንሄድ ይሻላል?

የእናትዎ ሐሳብ ከክትባቱ ቀጠሮም ጋር ይገጥማል። ቀጣዮቹ ክትባቶች በ6ኛው ሳምንት (ጤና ጣቢያ «የ45 ቀን» የሚባለው)፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ናቸው። ሲቆጠር 10ኛው ሳምንት 70ኛ ቀኗ፣ ክርስትናው 80ኛ ቀኗ፣ 14ኛው ሳምንት ደግሞ 98ኛ ቀኗ ላይ ይውላል። ስለዚህ ከክርስትናው በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ክፍት ጊዜ አለ። ሁለቱን ዙር በለመዳችሁት ጤና ጣቢያ ወስዳ ሦስተኛውን ሐዋሳ ትወስዳለች።

ያን ያህል መቆየት ካልተቻለ ከ45 ቀኑ ክትባት በፊት አትነሡ። በዚያው ቀጠሮ እርስዎም ስፌትዎን፣ የደም ግፊትዎንና የደም መፍሰሱን ይታያሉ። ጉዞው ክትባቱ በተሰጠ ማግስት አይሁን፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ። ክትባቱ የሚያመጣው ትኩሳት በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል። መንገድ ላይ ግን የክትባት ትኩሳት ይሁን የሕመም ለመለየት ያስቸግራል።

ካርዷን በስልክ ፎቶ አንሡት። ሐዋሳ እንደደረሳችሁ ክትባት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ጠይቁ። አንዳንዱ ክትባት በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚሆን ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ልጆች በተወሰነ ቀን እንዲሰበሰቡ ይደረጋል። ሳይጠይቁ የሄዱ «የዛሬ ሳምንት ኑ» ሊባሉ ይችላሉ። ልደቷንም አሁኑኑ አስመዝግቡ፤ ሕጉ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፤ በአዲሱ ከተማ መሸኛና መታወቂያ እስኪስተካከል ጊዜው ያልፋል።

ባለቤትዎ ቀድመው ሄደው ቤት ሲያዩ ስለ ሳሎኑ ስፋት ብዙም አይጨነቁ። ውሃ በየስንት ቀኑ ይመጣል? ሮቶ አለ? ሌሊት የሚከፈተው የቅርብ ሆስፒታል የቱ ነው? ይህን ይጠይቁ።

በቤት መኪና ነው የምንሄደው። ስንት ጊዜ እንቁም?

ብትተኛም ባትተኛም ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሞጆ፣ ባቱና አርሲ ነጌሌ ለማቆም ይመቻሉ። ጨቅላ በመኪና መቀመጫ ላይ ረጅም ሰዓት ስትቆይ አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቅና የአየር መተላለፊያዋ ይጠባል። መቀመጫዋ ከኋላ ወንበር፣ ፊቷ ወደ መኪናው ኋላ ሆኖ ይታሰር። መኪናው እየሄደ ጡት አይስጡ፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ እቅፍ ሕፃን አያስቀርም። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራልና ማጅራቷን እየዳሰሱ፣ ካላባት ልብስ ይቀንሱ። ፊቷን በጋቢ መሸፈን የለም።

ታላቅየው የሚያስመልሰው ከሆነ ከመነሣታችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ዳቦና ሙዝ ብቻ ይብላ። ወተት ይቅርበት፤ ስልክም አይያዝ፣ ማየቱ ያብስበታል። ፌስታልና ቅያሪ ልብስ አጠገብዎ ይሁን፤ የእርስዎንም ቅያሪ አይርሱ።

ፍራሹና አጎበሩ ጭነቱ ላይ መጨረሻ ይጫኑ፤ ስትደርሱ መጀመሪያ ይወርዳሉ። ሐዋሳ ወባ ስላለ አጎበሩ በመጀመሪያዋ ሌሊት መሰቀል አለበት።

ባለቤቴ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት ይመለሳል። ሁለቱን ይዤ ብቻዬን እንዴት ልዋል?

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፦ ሁለቱም ደክሟቸዋል፣ እራት አልተሠራም፣ እርስዎም አልበሉም። ስለዚህ ወጡ ጠዋት ይሠራ፣ እንጀራው ይገዛ። ከአዲስ አበባ ሲነሡ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮና ለአጥሚት የሚሆን ዱቄት አስዘጋጅተው ይያዙ። ዘመድ «ምን እንርዳችሁ?» ሲል መልሱ ይኸው ነው። ጨቅላዋን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ ይበቃል፤ በሌላው ቀን ፊቷን፣ አንገቷንና እጥፋቶቿን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። የታላቅየው ገላ አባቱ ሲመጣ ይታጠብ።

አደጋ የሚደርሰው ጡት ሲሰጥ ነው። አራስ በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ትጠባለች፤ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ጊዜ የሁለት ዓመቱ ልጅ የእርስዎ እጅ እንደተያዘ በደንብ ያውቃል። ከመቀመጥዎ በፊት ይብላ፣ ፖፖ ይቀመጥ፣ በሩ ይዘጋ። ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ሆነው ጡት ይስጡ፤ እሱም አጠገብዎ ይጫወታል፣ የሚወድቅም የለም። ጡት ሲሰጥ ብቻ የሚወጣ የመጫወቻ ካርቶን ይኑር፤ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ይሰለቸዋል። ውሃ ያለበት ባልዲ ወይም ሳፋ መሬት ላይ አይደር፤ ጥቂት ውሃም ትንሽ ልጅ ያሰጥማል። ከሰል ጭሱ ጠፋ ተብሎ ወደ ቤት አይግባ፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ተኝተው ይገድላል።

ፈቃድን በተመለከተ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ታገኛለች፤ አባት ግን 3 ቀን ብቻ። ስለዚህ ባለቤትዎ የዓመት ፈቃዳቸውን እናትዎ ሐዋሳ ባሉበት ሳምንት አይጨርሱት። እናትዎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት አብረው ይሁኑ፤ ፈቃዱ እሳቸው በሚመለሱበት ቀን ይጀምር። የምትቸገሩት ያኔ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ለቅሶውና ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጅቷ ተኝታም እንቅልፍ ካልመጣ፣ ወይም ራስን ወይም ልጆቹን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ብቻዎንም አይሁኑ።

ታላቅየው ሽንቱን መቆጣጠር ጀምሮ ነበር፤ አሁን ልብሱ ላይ ይሸናል፣ እህቱንም ይቆነጥጣል። አያቱን ይጠራል።

እህት መጣች፣ ቤት ተቀየረ፣ አያት ጠፉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ወደ ኋላ መመለሱ የተለመደ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ያለ ቁጣ ወደ ዳይፐር ይመለስ። ጡት ማስጣልም ሆነ አልጋ መለየት አሁን አይጀመር። ሲቆነጥጥ እጁን ይዘው «ያማታል» ብለው ያርቁት፤ አይምቱት፤ ከእሷ ጋርም ብቻውን አይተዉት። አባቱ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ያንሣው። አያቱ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በስልክ ይምጡ፤ አጭርም ቢሆን ይበቃል።

እናቴ በስልክ «ቅቤ አስውጪያት፣ እንጥሏንም አሳይያት» ትላለች። እምቢ ማለት ከበደኝ።

ሁለቱም አይደረጉም። ቅቤው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውሃም አያስፈልጋትም። ለእናትዎ «ሐኪሙ ከለከለ» ይበሏቸው፤ እውነትም ነው፣ ቅያሜም አያመጣም።

በስልክ ምክር የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ፦ ጡት እምቢ ካለች፣ በብብት የተለካው ሙቀት 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ ተኝታ ሳለች በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንቀጠቀጣት፣ መዳፏና የእግሯ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። ታላቅየውም ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ ያድርግ።

ከገጠር የአክስቴን ልጅ ላምጣ? 13 ዓመቷ ነው።

አይሆንም። እሷም ትምህርት ቤት መግባት ያለባት ልጅ ናት፤ ሁለቱን ጥለውላት መውጣት አይችሉም። ሞግዚት ከቀጠሩ ተያዥ ትጥራ፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስላት ከሆነ ልጆቹን ከመያዟ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ታድርግ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ሥራ ከመመለስዎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትግባና የታለበ ጡት በስኒ ማጠጣትን በእርስዎ ፊት ትልመድ። የታለበው ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ውጭ ግን እስከ 4 ሰዓት ብቻ ይቆያል፤ ሐዋሳ በሚሞቅበት ወቅት ከዚያም ቀደም ብሎ ይጠጣ።