«አንጎሉ ቀንሷል» ለተባልሽው እህቴ

እህቴ፣ ባልሽ ሀንቲንግተን የሚባለው፣ ከወላጅ የሚወረስና አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ አለበት ተብሎ፣ የአንጎሉ ምስል (ኤምአርአይ)ም «አንጎሉ ቀንሷል» ብሎ፣ «ሊረሳን ነው እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የኔም ባል ይሄው በሽታ አለበት፣ የኔም ጥያቄ ይሄው ነበር። ለካ ዓይኔን የተከልኩት የማይሆን ቦታ ላይ ነው።

1ኛ. መርሳትን አትጠብቂ። እዚህ በሽታ ላይ ቀድመው የሚቀንሱት አንጎል መሃል ያሉት ኮዴትና ፑታመን የሚባሉ ክፍሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ከፊተኛው አንጎል ጋር ተያይዘው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ቀድሞ የሚጎዳው ማቀድ፣ ቶሎ ማሰብና ሁለት ነገር ጎን ለጎን መሥራት ነው። የኔው ሰው የልጆቹን ልደት አንድም ቀን አልረሳም። ግን ሽንኩርት እያቁላላ ስልክ ካነሳ ሽንኩርቱ ከሰል ይሆናል። እኔ ግዴለሽነት መስሎኝ ስንቱን ተናገርኩት! እስካሁን ያንገበግበኛል።

2ኛ. እጅ እግሩ ያለፈቃዱ እስኪወራጭ አትጠብቂ። መቀነሱ የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። እኔ የምስሉ ውጤት ወረቀት ላይ «መጠነኛ» መቀነስ የሚል ቃል ሳይ እፎይ ብዬ የቤቱን ሒሳብ ለሱ ተውኩት። ጉድ ያደረገኝ ይሄ ነው። መብራት ሁለቴ ከፍሎ የቤት ኪራይ 3 ወር ዘሏል። ያወቅኩት የማስለቀቂያ ወረቀት በራችን ላይ ተለጥፎ ነው። ደብዳቤዎቹ መሳቢያ ውስጥ እንደታሸጉ ተቀምጠዋል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ምንም»። አይዋሽም እኮ፣ ጉድለቱ ለራሱ አይታየውም። ይሄም ከበሽታው ነው።

3ኛ. የማሰብ ችሎታ ፈተና ይፈተን በይ። ብዙ ሕመምተኞች ሲታዩ መቀነሱና የማሰብ ድክመቱ አብረው ይሄዳሉ፣ ግን የአንድን ሰው ምስል ብቻ አይቶ «ይሄን ይችላል፣ ያን አይችልም» ማለት አይቻልም። እኔ ይሄን ሳላውቅ ምስሉን ብቻ ይዤ ለአካል ጉዳት ድጋፍ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየችውና «በእግሩ ነው የመጣው፣ ምኑ ነው የታመመው?» አለች። እሱ ቆሞ እየሰማ! ማመልከቻችንም ውድቅ ሆነ። ተመልሼ አስፈተንኩት። በ90 ሴኮንድ ምልክትና ቁጥር ማዛመድ አለ፣ ያ ጎበዝ ሒሳብ ሠራተኛ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ለፋ፣ ግማሽም አልደረሰ። ያንን ውጤት ይዤ ያቺው መስኮት ሄድኩ። አንድ ቃል ሳትናገር ተቀበለችኝ፣ ድጋፉም ተፈቀደ።

አሁን ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ወጡን ግን አሁንም እሱ ይሠራል፣ ስልኩን እኔ እደብቃለሁ።