ሁለት ጣቢያ፣ ሁለት የተለያየ ዝናብ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። «እርሻችን ላይ አውቶማቲክ የአየር ሁኔታ ጣቢያ አለን። አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ በእጅ የሚነበብ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ አለ። የሐምሌን ዕለታዊ ዝናብ ሳስተያይ አይገጥምም። አንዱ 20 ሚሊ ሜትር ሲል ሌላው ዜሮ ይላል። የቱን ልመን?»

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ሰዓቱን ይዩ። በእጅ የሚነበበውን ኦብዘርቨሩ (ጣቢያውን የሚያነቡት ሰው) የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ያ ውሃ ከትናንት ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። አውቶማቲኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን የሚቆርጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሎገሩ (የአውቶማቲኩ መረጃ መዝጋቢ) በግሪንዊች ሰዓት ከተሞላ ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። (3 እና 9 በእኛና በፈረንጅ ሰዓት ሲገላበጡ ስንቱን እንዳሳሳቱ! እኔም አንድ ክረምት ሙሉ ጉድ ሆኛለሁ።)

የክረምት ዝናብ ከሰዓት በኋላ መውረድ ይወዳል። ሰኞ 10 ሰዓት ላይ የወረደውን አውቶማቲኩ ሰኞ ብሎ ይመዘግባል። በእጅ የሚለካው ግን ማክሰኞ ጠዋት ስለሆነ ማክሰኞ ስር ሊገባ ይችላል። የእርስዎ 20 እና ዜሮም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ኦብዘርቨሩ በየትኛው ቀን ስር እንደሚጽፉት ይጠይቋቸው። ከዚያ የሎገሩን የየሰዓት ዝናብ አውርደው ከጠዋት 3 እስከ ጠዋት 3 እንደገና ይደምሩት።

አሁንም አውቶማቲኩ ሁልጊዜ ዝቅ የሚል ከሆነ የዝናብ መለኪያውን ክዳን ያንሱ። ፈነሉ (ውሃውን የሚቀበለው ማንቆርቆሪያ) ውስጥ ቅጠል፣ የወፍ ኩስ፣ የሸረሪት ድር አይጠፋም። ካጸዱ በኋላ አፉን ይለኩ። ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 314 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ በመርፌ ይብሱና ያን ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉበት። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ከፈሰሰ ሙከራው ዋጋ የለውም። ከፈነሉ ስር ያለችው፣ በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ የምትገለበጠው ትንሽ ባልዲ 50 ጊዜ ያህል ቀጭ ማለት አለባት። 45 ላይ ከቆመች ከስሯ ያሉትን ሁለት ዊንጮች እኩል በጥቂቱ ከፍ አድርገው ይድገሙት። የሞከሩበትን ሰዓት ግን ይጻፉ፤ አለዚያ የጠርሙሱ ውሃ ዝናብ ተብሎ ይመዘገባል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ልዩነት የዝናቡ የራሱ ነው። የክረምት ደመና አንዱን ማሳ አርሶ ሌላውን ያልፋል። ስለዚህ ዕለቱን በዕለት አያነጻጽሩ፤ የ10 ቀን ድምሩን ያስተያዩ። ያም ካልገጠመ 50ው ስንት ሆኖ እንደመጣ ይጻፉልኝ።