ባቲን የሚከፍት ኮድ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ክራር አስተምራለሁ። ከቀድሞ ተማሪዬ ጋር ሆነን አራቱን ቅኝቶች የሚያስተምር የስልክ መተግበሪያ ሠራን። ትዝታና አንቺ ሆዬ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ባቲና አምባሰል ግን የሚከፈቱት ለተመዘገቡ ተማሪዎቼ በካርድ ጽፌ በምሰጠው ኮድ ነው። ለኮዱ አንድም ብር አልቀበልም። የአፕል መደብር ግን መለሰብን። ነጻ የሆነ ነገር እንዴት ይከለከላል?

መልስ፦ መምህር፣ እኔም ደሴ ላይ ለአንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት እንዲሁ ኮድ የሚጠይቅ መተግበሪያ ሠርቼ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። «ነጻ ነው እኮ» እያልኩ ብከራከርም የሰማኝ አልነበረም። ነገሩ የገባኝ ደንቡን ቁጭ ብዬ ሳነበው ነው።

የአፕል የግምገማ መመሪያ ቁጥር 3.1.1 መተግበሪያው የተቆለፈ ይዘትን በራሱ መንገድ እንዲከፍት አይፈቅድም፤ የፈቃድ ቁልፍን፣ ማለትም እንደ እርስዎ ያለውን መክፈቻ ኮድ፣ እና ኪውአር ኮድን ለይቶ ይጠቅሳል። እርስዎ ካርዱን ለተማሪው ሲሰጡት መተግበሪያውን የሚመረምረው የአፕል ገምጋሚ አጠገብዎ የለም። የሚያየው የተቆለፈ ትምህርትና ኮድ የሚጠይቅ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ኮዱ በመቶ ብር ይሸጥ ወይም በምርቃት ይሰጥ፣ ሳጥኑ አይናገርም። የአንድሮይድ ስልኮች መደብር የሆነው ጉግል ፕሌይ በበኩሉ ዋነኛ ጥያቄው ገንዘብ ነው፤ ለዲጂታል ይዘት ካላስከፈሉ ያን ያህል አይጠብቅብዎትም።

መደብሮቹ ራሳቸው የሚሰጡት ኮድም አለ። ጉግል ፕሌይ ለአንድ መተግበሪያ በየሦስት ወሩ እስከ 500 የማስተዋወቂያ ኮድ ይፈቅዳል። ነገር ግን ኮዱ የሚያገለግለው ዋጋ ለወጣለት ይዘት ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሻጭ የክፍያ መዝገብ ከፍተው ለባቲ ዋጋ ሊያወጡለት ነው። ለማይሸጡት ነገር ዋጋ መለጠፍ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ቁልፉን ያንሱት። ፊት ለፊት ለሚያስተምሩት ክፍል በእጅዎ ማስከፈል ይችላሉ፤ ከመተግበሪያው ውጭ የሚሰጥ አገልግሎት ስለሆነ መመሪያው አይከለክለውም። ቅኝቱ ግን ይከፈት። ባቲና አምባሰል የወሎ ስሞች ናቸው። ስንት የወሎ ልጅ በዐረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች፣ ማታ ስልኳን ይዛ የአገሯን ዜማ ትፈልጋለች! ካርድዎ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ እጇ አይገባም። እዚሁ ያሉትም ቢሆኑ ይቸገራሉ። በእኔ መተግበሪያ ይማር የነበረ ልጅ በላብ የራሰ ካርድ ይዞ ዜሮውን «ኦ» እያደረገ ሲጽፍ ሦስት ጊዜ ተዘጋበት፤ አራተኛውን ሳይሞክር ስልኩን ኪሱ ከተተ።

የተማሪዎችዎን የቤት ሥራ መከታተል ከፈለጉ፣ ለእያንዳንዳቸው በስምና በይለፍ ቃል የሚገቡበት መለያ ይክፈቱላቸው፤ ትምህርቱን እንዳይቆልፍ ብቻ ይጠንቀቁ። መተግበሪያውን እንደገና ሲልኩ ለገምጋሚው የሙከራ መለያና የይለፍ ቃል በማስታወሻው ላይ ይጻፉለት፤ መግባት ያቃተው ገምጋሚ ይመልስብዎታል። ያሳተሟቸውን ካርዶች ደግሞ አይጣሏቸው። ከጀርባቸው የክሮቹን የባቲ አቃኘት ጽፈው ለተማሪዎቹ ይስጧቸው።