ስለ ብዮርክ ሙዚቃ፦ ጥያቄና መልስ

የአይስላንዷን ድምፃዊት የብዮርክን አልበሞች ለብዙ ዓመታት ስከታተል ስለቆየሁ፣ የአባላትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው ግን ዘፈኖቿን እየነጠላችሁ ሳይሆን አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጆሮ ማዳመጫ እንድትሰሙ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መዝፈን የጀመረችው መቼ ነው?

መልስ፦ በ1965 በሬይክያቪክ ተወልዳ በልጆች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖና ዋሽንት የተማረች ሲሆን፣ የመጀመሪያ አልበሟ የወጣው በ1977 ገና ልጅ ሳለች ነው። ከፐንክ ባንዶች በኋላ እስከ 1992 ድረስ ሹገርኪዩብስ ከተባለው የአይስላንድ ባንድ ጋር ዘፍናለች።

ጥያቄ፦ በስሟ ብቻ የምትጠራው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልክ እንደ እኛ አብዛኞቹ አይስላንዳውያንም የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ የሚጠሩት በራሳቸው ስም ነው።

ጥያቄ፦ ሙዚቃዋ እንዴት ነው?

መልስ፦ በዚህ መልክ ለቀረበ ጥያቄ መልስ መስጠት አይቻልም። እባካችሁ አልበሙን ጥቀሱ።

ጥያቄ፦ በ2004 የወጣው ሜዱላ የተሰኘው አልበሟ ያለ መሣሪያ የተሠራ ነው መባሉ እውነት ነውን?

መልስ፦ በጥቂት ቦታዎች ፒያኖና ሲንተሳይዘር ይሰማሉ፤ የቀረው ከሞላ ጎደል የሰው ድምፅ ነው። አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ራዜል በአፉ የከበሮውን ሥራ ይሠራል፤ ከካናዳ ሰሜን ነባር ሕዝብ ከኢኑዊት የሆነችው ድምፃዊት ታንያ ታጋቅ ከጉሮሮዋ የምታወጣው ትንፋሽ የበዛበት ድምፅ ምትም ዜማም ይሆናል፤ መዘምራኑም በሌላ አልበም ቫዮሊኖች ይይዙት የነበረውን ስፍራ ይሞላሉ። የብዮርክን ታላቅነት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎች እንደሚሉት ያገኘችውን ሁሉ የምትቀላቅል ሳትሆን፣ ድምፆችን መርጣ ሌላውን ለራሷ የምትከለክል ሙዚቀኛ ናት። ከአልበሞቿ ሆሞጄኒክ (1997) በአውታር መሣሪያዎችና በሻካራ የኤሌክትሮኒክ ምት፣ ቬስፐርታይን (2001) በሃርፕ፣ በሙዚቃ ሳጥንና እጅግ በረቀቁ ምቶች፣ ዩቶፒያ (2017) በዋሽንቶች ላይ ቆመዋል። ቬስፐርታይንን በስልክ ድምፅ ማጉያ የሰማ ሰው ግማሹ አምልጦታል፤ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል።

አንድ አባል፦ ቬስፐርታይንን የሠሩት እኮ ማትሞስ የተባሉት ሁለቱ አሜሪካውያን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች ናቸው። እርሷ ድምፃዊት ናት።

ሌላ አባል፦ ሴት ከወንዶች ጋር ስትሠራ ሥራው ሁሉ ለእነርሱ ይሰጣል። ስለ ወንድ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ያነሣል?

አንድ አባል፦ እኔ ስለ ጾታ አልተናገርሁም። አብሯት ያቀናበረው እንግሊዛዊው ማርክ ቤል ባይኖር ሆሞጄኒክ እንዲህ ይሆን ነበር?

መልስ፦ የማርክ ቤል ድርሻ ትልቅ መሆኑ አይካድም። ስለ ማትሞስ ግን ብዮርክ ራሷ በ2015 በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ የቬስፐርታይንን ምቶች ለዓመታት ስትሠራ ከቆየች በኋላ እነርሱ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መጥተው ተጨማሪ ምት እንዳከሉ፣ አልበሙ ግን በየቦታው የእነርሱ ሥራ ተደርጎ እንደተጻፈ ገልጻለች። ይህ እየታወቀ ያንኑ መድገም ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ በ2001 ኦስካር ላይ የለበሰችው የወፍ ቀሚስ ምን ትርጉም አለው?

መልስ፦ የምመልሰው ስለ ሙዚቃ ነው።

ጥያቄ፦ በየትኛው ዘፈን ልጀምር?

መልስ፦ በዘፈን ሳይሆን በአልበም ይጀምሩ ብያለሁ። ሆሞጄኒክን ይስሙ።

ጥያቄ፦ በ2022 ስለወጣው ፎሶራ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ባስ ክላሪኔቶች የሚገዙት አልበም ነው። በ2018 ላረፉት እናቷ የተሠሩ ሁለት ዘፈኖች አሉበት፤ አንዱን የሚዘምረው እርሷ በወጣትነቷ አባል የነበረችበት የሃምራህሊድ መዘምራን ሲሆን፣ በሌላው ልጇ ሲንድሪ አብሯት ይዘፍናል።